ዝርዝሩን አምጡ! ማኅበራት፣ ሎቢ እና የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመቶ ዓመት ክርክር

(በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ “በእኛ አቆጣጠር” ካልተባለ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጁን 1 ቀን 1956 የአላባማ ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ጆን ፓተርሰን በሞንትጎመሪ ከተማ ፍርድ ቤት አንድ ክስ መሠረተ። ተከሳሹ ለጥቁር አሜሪካውያን መብት የሚሟገተው ኤንኤኤሲፒ የተባለው ማኅበር ነበር። ክሱን ላየው ተራ የወረቀት ጉዳይ ይመስላል። ማኅበሩ የተቋቋመው በኒው ዮርክ ሕግ ነው። ከሌላ ክፍለ ግዛት መጥቶ በአላባማ የሚሠራ ድርጅት ደግሞ በአላባማ መመዝገብ አለበት። ኤንኤኤሲፒ አልተመዘገበምና ይታገድልኝ፤ የዐቃቤ ሕጉ አቤቱታ ይህ ነበር። ዳኛው በዚያው ቀን አገደው።

ማኅበሩ “እሺ፣ እንመዝገብ” አለ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ግን የክሱን ውስጠ ወይራ አወጣው። ዐቃቤ ሕጉ ከሌሎች ሰነዶች ጋር በአላባማ የሚኖሩ የማኅበሩ አባላት ሁሉ ስምና አድራሻ ተዘርዝሮ ይቅረብልኝ አለ።

ጊዜውን አስቡት። የሞንትጎመሪ ጥቁሮች በአውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግር መሄድ ከጀመሩ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። ከመቀመጫዬ አልነሣም ያለችው ሮዛ ፓርክስ የዚያው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆና ያገለገለች ሴት ናት። በዚያ ዘመን በአላባማ የአንድ ጥቁር መምህር ወይም የአንዲት የቤት ሠራተኛ ስም በዚያ ዝርዝር ላይ ወጣ ማለት ሥራ ማጣት፣ ከቤት መባረር፣ ሲብስም ሌሊት ቤት ላይ ቦምብ መወርወር ማለት ነበር።

ማኅበሩ የመሪዎቹን ስም ሰጠ፤ የሥራ ሰነዶቹንም አስረከበ። የተራ አባላቱን ስም ግን አልሰጥም አለ። ፍርድ ቤቱ በመድፈር ወንጀል 10,000 ዶላር ቀጣው፤ በአምስት ቀን ውስጥ ካላቀረበ ቅጣቱ 100,000 እንደሚሆን ተነገረው። አላቀረበም። ቅጣቱም 100,000 ሆነ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በየአገሩ “ሲቪል ማኅበራት በሕግ አውጪው ላይ የሚያደርጉት ጉትጎታ ይመዝገብ፣ ገንዘባቸው ከየት እንደመጣ ይታወቅ” የሚለው ክርክር ጦፏል። ክርክሩ ተገቢ ነው። ግን “ግልጽነት” የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። የማን ስም ይገለጥ? ለማን? የሚሉትን ያልመለሰ ግልጽነት ወዴት እንደሚያመራ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመቶ ዓመት ታሪክ በደንብ ያሳያል።

▪️ ደጅ ጥናት በደመወዝ

ሎቢ ማለት መተላለፊያ አዳራሽ ነው። የምክር ቤት አባላት ወደ ስብሰባ ሲገቡና ሲወጡ ባለጉዳይ ቆሞ የሚጠብቃቸው እዚያ ነው። እኛ ለዚህ የቆየ ቃል አለን፤ ደጅ ጥናት። ሹም ደጃፍ ላይ ቆሞ መዋል፣ አማላጅ መላክ፣ ጉዳይን በጆሮ ማድረስ ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። ልዩነቱ አሜሪካ ውስጥ ደጅ የሚጠናው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው ገንዘብ፣ ለሌላ ሰው ጉዳይ የቆመ ባለሙያ መሆኑ ነው።

የባቡር ኩባንያዎች በየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት አባላትን በሚገዙበት በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለት ዓይነት መልስ ተሞከረ። የመጀመሪያው መከልከል ነው። ጆርጂያ በ1877 ሕገ መንግሥቷ ሎቢን ወንጀል ነው ብላ ደነገገች። ነገር ግን ዜጋ ለመንግሥት አቤት የማለት መብቱ በአገሪቱ ሕገ መንግሥት የተጻፈ ነው። ጉቦን መከልከል ይቻላል፤ አቤት ማለትን መከልከል ግን አይቻልም።

ሁለተኛው መልስ የማሳቹሴትስ ነው። በ1890 የወጣው ሕጓ ደጅ ጥናቱን አልከለከለም፤ ደጅ ጠኚው ማን እንደላከውና ስንት እንደተከፈለው አስመዝግብ አለው። በኋላ የሌሎቹም መንገድ ይኸው ሆነ። ዛሬ ሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች የየራሳቸው የሎቢ ሕግ አላቸው።

እነዚህ የመጀመሪያ ሕጎች ዓይናቸው ያረፈው በኩባንያ ወኪሎች ላይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን በየምክር ቤቱ አዳራሽ ሌላ ዓይነት ሰው መታየት ጀመረ፤ የማኅበር ሰው። ለምሳሌ በ1893 ኦሃዮ ውስጥ የተመሠረተው የፀረ መጠጥ ቤት ማኅበር ከአብያተ ክርስቲያናት በሚሰበሰብ መዋጮ እየተደገፈ፣ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት እየሄደ ሕግ አስወጣ፤ በመጨረሻም የአገሪቱን ሕገ መንግሥት አስቀየረ። የማያተርፍ ድርጅት ከባቡር ኩባንያ የማይተናነስ ጉልበት ሊኖረው እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። እናስ እንደ ኩባንያው ይመዝገብ?

▪️ ኒው ዮርክ 1923፦ ለክፉዎች የወጣ ሕግ

የመጀመሪያው ከባድ ፈተና የመጣው ከኩ ክለክስ ክላን ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ክላን ተደብቆ የሚኖር ጥቂት ሰው አልነበረም። አባላቱ በሚሊዮን ይቆጠሩ ነበር፤ በሰሜኑም ክፍል ተስፋፍቶ ነበር። በሕግም በምርጫም እጁን ያስገባል፤ የአባላቱ ፊት ግን በነጭ ጭምብል የተሸፈነ ነው።

የኒው ዮርክ ምክር ቤት በ1923 አንድ ሕግ አወጣ። ሐሳቡን ያመጣው ኋላ የኒው ዮርክ ከተማ ከንቲባ የሆነው ጂሚ ዎከር ነበር። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ሃያና ከዚያ በላይ አባላት ያሉት፣ አባል ለመሆንም መሐላ የሚጠይቅ ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመሐላውን ቃልና የአባላቱን ስም ዝርዝር ለክፍለ ግዛቱ ያስገባ። ሌላም አንቀጽ አለው። ማኅበሩ አንድን ሕግ ለማስጸደቅ ወይም ለመጣል፣ አንድን ዕጩ ለመደገፍ ወይም ለመቃወም በጋራ ሲወስን ያንን ውሳኔ በአሥር ቀን ውስጥ ያስገባ። ይህ በግልጽ የማኅበራት ሎቢ ቁጥጥር ነው። የሠራተኛ ማኅበራትና በሕግ የታወቁ የወንድማማችነት ማኅበራት ግን ከግዴታው ነፃ ሆኑ።

አንድ የክላን አባል ተይዞ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ1928 ሕጉን አጸደቀው። ክላንን ከሌሎች ማኅበራት መለየቱም ተገቢ ነው አለ፤ የሌሎቹ ሥራ የታወቀና ሰላማዊ ነው፣ የክላን ግን ማስፈራራትና ዓመፅ ነው በሚል።

ውጤቱን ስናይ ደስ ይላል። ጭምብል ለብሶ ሰው የሚያስፈራራ ድርጅት ስምህን አውጣ መባሉን ማን ይጠላዋል? ሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ሉዊዚያና በ1924 ክላንን አስባ የአባላት ዝርዝር የሚጠይቅ ሕግ ደነገገች።

የሉዊዚያናውን ሕግ ልብ በሉት፤ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ይነሣል።

▪️ 1956፦ ሕጉ አዙሮ ሲመታ

በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች ባለሥልጣናት ፍርዱን በቀጥታ መሻር አልቻሉም። የቻሉት ፍርዱን ያስገኘውን ማኅበር ማዳከም ነው። ለዚህም አዲስ መሣሪያ መፍጠር አላስፈለጋቸውም፤ ምዝገባና ግልጽነት ነበሩላቸው።

ሉዊዚያና በ1956 ያንን ለክላን ያወጣችውን ሕግ ከመደርደሪያ አውርዳ በኤንኤኤሲፒ ላይ አዋለችው። ገራፊውን ለመግለጥ የወጣው አንቀጽ የተገራፊውን ስም ለመጠየቂያ ዋለ። ከሕጉ ላይ የተለወጠ ፊደል የለም፤ የተለወጠው ሕጉን የያዘው እጅ ነው።

ቨርጂኒያ ደግሞ በዚያው ዓመት ልዩ ስብሰባ ጠርታ ብዙ ሕጎችን በአንድ ላይ አወጣች። ከእነርሱ አንዱ በቀጥታ ሎቢን ይመለከታል። ማንኛውም ሰው ወይም ድርጅት አንድን ዘር ወክሎ ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ወይም የዘር መቀላቀልን አለዚያም የዘር መለያየትን ዋና ሥራው አድርጎ የሚሰብክ ከሆነ በየዓመቱ ይመዝገብ፤ የአባላቱንና የለጋሾቹን ስም፣ ገቢና ወጪውን ይግለጽ ይላል። ለሁለቱም ወገን እኩል የወጣ ነው የሚመስለው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ቨርጂኒያ ውስጥ ስሙ የተገለጠ የመለያየት ደጋፊ ምን ይደርስበታል? ምንም። ስሙ የተገለጠ ጥቁር ግን እንጀራው ይቋረጣል። በ1958 ሦስት ዳኞች ያሉት የፌዴራል ችሎት ይህንኑ አይቶ ሕጉን ውድቅ አደረገው፤ ክርክሩ ግን ከዚያም በኋላ በየፍርድ ቤቱ ለዓመታት ቀጠለ።

ወደ አላባማ እንመለስ። ጁን 30 ቀን 1958 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ለኤንኤኤሲፒ ፈረደ። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ነው። ዋና ነጥቡ ይህ ነበር፦ ሰው ተደራጅቶ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው፤ አባልነቱ ሲገለጥ የሚጎዳ ከሆነ ግን ዝርዝር መጠየቁ ራሱ መብቱን መንጠቅ ነው። መንግሥት በቀጥታ ባይመታም፣ በሩን ከፍቶ ሌላው እንዲመታ ማድረጉ ከተጠያቂነት አያድነውም።

የ1928ቱ የክላን ፍርድስ? ፍርድ ቤቱ አልሻረውም፤ ለየው። ክላን ምንም ነገር አላስገባም ያለ፣ ሥራው ዓመፅ የሆነ ድርጅት ነበር። ኤንኤኤሲፒ ግን የተጠየቀውን ሁሉ ከሞላ ጎደል አቅርቦ ያስቀረው የተራ አባላቱን ስም ብቻ ነው።

ማኅበሩ በፍርዱ አሸነፈ፤ ወደ አላባማ ለመመለስ ግን እስከ 1964 ድረስ መጠበቅ ነበረበት። የክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች በየምክንያቱ እያጓተቱት ያው ክስ አራት ጊዜ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተመላለሰ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በትግሉ ወሳኝ ዘመን፣ ማኅበሩ በአላባማ በሕግ አልነበረም። ጆን ፓተርሰን ግን በዚህ መሐል ተወዳድሮ የክፍለ ግዛቱ አገረ ገዥ ሆነ። የመመዝገቢያ ሕግ አንዳንዴ በፍርድ ቤት ተሸንፎም ለአውጪዎቹ ሥራውን እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

▪️ ሌላው ልጓም፦ ግብር

ከክፍለ ግዛቶቹ ሕግ ጎን ለጎን ማኅበራትን የሚይዝ የፌዴራል ልጓም አለ። በግብር ሕጉ 501(ሲ)(3) በሚባለው አንቀጽ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ከግብር ነፃ ነው፤ ለእሱ የሰጠ ሰውም ልግስናውን ከሚገብረው ገቢ ላይ ይቀንሳል። በ1934 የወጣው ሕግ ታዲያ የዚህ ዓይነት ድርጅት ከሥራው “ጉልህ ክፍል” የሚሆነውን በሎቢ ላይ ሊያውል አይችልም አለ። ጉልህ ማለት ስንት ነው? ሕጉ አልተናገረም።

ይህ አለመናገር ምን እንደሚያደርግ በ1966 ታየ። ሴራ ክለብ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር በግራንድ ካንየን ሸለቆ ሊሠሩ የታሰቡትን ግድቦች በመቃወም በትልልቅ ጋዜጦች ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ወዲያውኑ የግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰው፤ ኋላም በጎ አድራጎትነቱን አጣ። ግድቦቹ ግን አልተሠሩም። ማኅበሩ ትልቅ ስለነበር ጉዳቱን ተቋቋመው። ትንንሾቹ ማኅበራት ከዚህ የተማሩት ዝም ማለትን ነው።

መስመሩ በቁጥር የተሰመረው በ1976 ነው። በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ አንድ ድርጅት ከፈለገ አንዲት አጭር ቅጽ ሞልቶ በገንዘብ ልክ መመዘንን ሊመርጥ ይችላል። ዓመታዊ ወጪው እስከ 500,000 ዶላር ከሆነ 20 በመቶውን በሎቢ ላይ ማዋል ይፈቀድለታል፤ ከዚያ በላይ መቶኛው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጣሪያው በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ቁጥሩ የታወቀ ሕግ ልክህን ያሳውቅሃል። ቁጥር የሌለው ሕግ ግን ሹሙ ሲከፋው ብቻ ይታወሳል።

▪️ ኦሃዮ፦ ተቃራኒው በሽታ

እስካሁን ያነበበ ሰው “እንግዲያው ማኅበራትን መቆጣጠር ይቅር” ሊል ይችላል። ከማለቱ በፊት ኦሃዮን ይይ።

በ2017 “ጄነሬሽን ናው” የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት በኦሃዮ ተመዘገበ። የተመዘገበው 501(ሲ)(4) በሚባለው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ ሥር ያለ ድርጅት ያለ ገደብ ሎቢ ማድረግ ይችላል፤ የለጋሾቹን ስም ግን ለሕዝብ የመግለጽ ግዴታ የለበትም። በወረቀት ሲታይ የኅብረተሰብ ደህንነትን የሚያራምድ ማኅበር ነው። በተግባር ግን የምክር ቤት አባሉ ላሪ ሃውስሆልደር ቦርሳ ነበር። ወደ ቦርሳው የሚገባው ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ፈርስትኤነርጂ ከተባለው የመብራት ኩባንያና ከእህት ድርጅቶቹ የሚመጣ ነው። ድምሩ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

በዚህ ገንዘብ የሃውስሆልደር ሰዎች ለምክር ቤት ተመረጡ። እሱም በ2019 መጀመሪያ አፈ ጉባኤ ሆነ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ሁለት የኒውክሌር ማመንጫዎችን ለማዳን ከሕዝቡ የመብራት ሂሳብ ላይ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚሰበስብ ሕግ ጸደቀ። ዜጎች ሕጉን በሕዝበ ውሳኔ ለመሻር ፊርማ ማሰባሰብ ሲጀምሩ ያው ገንዘብ ፊርማውን ለማክሸፍ ዋለ። ለሕዝቡ በተለቀቀው ማስታወቂያ ከፊርማው ጀርባ ቻይና አለች ተባለ። ማስታወቂያውን የከፈለው ማን እንደሆነ ግን ሕዝቡ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን የሰማ ይመስል፣ አፈ ጉባኤው ከገንዘቡ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ለግሉ አውሎታል፤ ለዕዳ መክፈያና ፍሎሪዳ ላለው ቤቱ ጥገና ጭምር። በ2020 ጁላይ ተያዘ። ድርጅቱ በ2021 ጥፋተኝነቱን አመነ፤ ኩባንያውም 230 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ሃውስሆልደር በ2023 ተፈርዶበት 20 ዓመት እስራት ተቀጣ።

ያኔ የደረሰው የኤፍ.ቢ.አይ. ምርመራ እንጂ የሎቢ መዝገቡ አይደለም። የወንጀል ምርመራ ባይኖር ኖሮ የኦሃዮ ሕዝብ በየወሩ መብራት ሲከፍል ማን እንዳስከፈለው ሳያውቅ ይኖር ነበር። አላባማ ሊሸሸግ የሚገባውን ገለጠች፤ ኦሃዮ ሊገለጥ የሚገባውን ሸሸገች።

▪️ ታዲያ መስመሩ የት ነው?

ፍርድ ቤቶቹ አሁንም እየተከራከሩበት ነው። ካሊፎርኒያ በውስጧ ገንዘብ የሚያሰባስብ በጎ አድራጎት ሁሉ የትልልቅ ለጋሾቹን ስም ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጓ እንዲያስገባ ትጠይቅ ነበር። ምሥጢር ይጠበቃል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን ወደ 2,000 የሚጠጉ ቅጾች በስህተት በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ተገኙ። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ከሳሾቹ የወግ አጥባቂ ድርጅቶች ነበሩ፤ ከተመረኮዙባቸው ፍርዶች ዋነኛው ግን የ1958ቱ የኤንኤኤሲፒ ፍርድ ነው። የአላባማን ድሃ መምህራን ለመከለል የተሠራው ጥላ የሚሊዮን ዶላር ለጋሾችንም አስጠለለ።

ይህ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ሰው ይለያያል። እኔ እንደማየው ሁለቱን የሚለየው ድርጅቱ ግራ ወይም ቀኝ መሆኑ አይደለም። መለያው ስሙ የተጠየቀው ሰው አቅም ነው። ለማኅበሩ 20 ዶላር የሚያዋጣ አባል ሕግ አይገዛም፤ ስሙ ቢወጣ ሕዝቡ ስለ ሕጉ የሚያውቀው አዲስ ነገር የለም፤ እሱ ግን ሊጎዳ ይችላል። 60 ሚሊዮን የሚሰጥ ኩባንያ ግን ሕግ ይገዛል፤ ስሙ ቢወጣ ሕዝቡ ሁሉን ይረዳል፤ እሱም ከማፈር በቀር የሚደርስበት የለም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሕግ ሁልጊዜ ድሃውን ያጋልጣል፤ ሀብታሙ እንደሆነ ሌላ ማኅበር አቋቁሞ ያመልጣል።

ስለዚህ “የማኅበራት ሎቢ ቁጥጥር” የሚል ረቂቅ በየትም አገር ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፦ የማን ስም ነው የሚጠየቀው? የትኛው ባለሥልጣን መቼ፣ በየትኛው ረቂቅ ላይ ተነጋገረ፣ ለውትወታው ስንት ወጣ የሚል ሕግ ዓይኑ ሥልጣን ላይ ነው። አባላት እነማን ናቸው የሚል ሕግ ዓይኑ ሕዝብ ላይ ነው።

ሁለተኛ፦ ወለሉ ስንት ነው? ትንሹን መዋጮ ከትልቁ የሚለይ ቁጥር በሕጉ ውስጥ ተጽፏል ወይስ ለሹም ፈቃድ ተትቷል?

ሦስተኛ፦ ዝርዝሩ እጁ የሚገባው ማን ነው? ከማኅበሩ ጋር የሚከራከረው ባለሥልጣን ራሱ ዝርዝሩን የሚቀበል ከሆነ አላባማ ነው።

▪️ ለእኛስ?

ጉዳዩ ከእኛ ሁለት ቦታ ይገናኛል።

አንዱ በአሜሪካ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ክፍለ ግዛቶች ያሉ ብዙ የኢትዮጵያውያን የመረዳጃ ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት በዚያው በ501(ሲ)(3) የተመዘገቡ ናቸው። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ታክሲ ሥራ ወይም ስለ ሕፃናት ማቆያ ሕግ ሲረቀቅ “እኛ ፖለቲካ ውስጥ አንገባም፣ ፈቃዳችን ይነጠቃል” የሚል መልስ የተለመደ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የከለከለው ዕጩ ተወዳዳሪን መደገፍ ወይም መቃወም ነው። ስለ ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤት አባል መናገር በልኩ ይፈቀዳል። ማኅበሩ ከላይ ያነሣናትን ቅጽ ከሞላ ልኩ በቁጥር የታወቀ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት ቅጿን መሙላት ባይችሉም በ“ጉልህ ክፍል” ሚዛን ውስጥ ሆነው መናገር ይችላሉ። ከዚህ ሌላ የየክፍለ ግዛቱ የሎቢስት ምዝገባ አለ፤ ወለሉ በገንዘብ ወይም በሰዓት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ሰው ቀጥሮ ከማስወትወት በፊት የዚያን ክፍለ ግዛት ደንብ ማየት ግድ ነው። ሳይጠይቁ ዝም ማለት ግን ማንም ሳይነጥቀን ራሳችን የምንጥለው መብት ነው።

ሌላው በአገር ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ለዓመታት የወተወተበት ነበር። የጋብቻ ዕድሜ ለሴቷም ለወንዱም 18 የሆነውና ባል የቤተሰቡ የበላይ ነው የሚለው የ1952ቱ (በእኛ አቆጣጠር) ድንጋጌ የተሻረው በዚያ ሕግ ነው። የቤተሰብ ሕግ የክልሎች ሥልጣን ስለሆነም ተመሳሳይ ሥራ በየክልሉ ምክር ቤት ደጃፍ መሠራት ነበረበት።

ከዚያ በ2001 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር አዋጅ 621 መጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብአዊ መብት፣ በፆታ እኩልነት፣ በሕፃናት መብትና በመሳሰሉት ላይ እንዳይሠራ ከለከለ። ሎቢ የሚል ቃል ጎልቶ አይታይበትም፤ ውጤቱ ግን የአቤቱታ በር መዝጋት ነበር። ሴት የሕግ ባለሙያዎቹን ጨምሮ ብዙ ማኅበራት ሠራተኛ በተኑ፣ ቅርንጫፍ ዘጉ። ምክንያቱ ሲሰጥ “የውጭ እጅ እንዳይገባ” ነው የተባለው። የአላባማም ክስ የሚጀምረው “ማኅበሩ ከውጭ የመጣ ነው” በማለት ነበር፤ ለአላባማ ውጭ ማለት ኒው ዮርክ ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር በአዋጅ 1113 ተተክቷል። አዲሱ አዋጅ ማኅበራት ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ እንደሚችሉ ያውቃል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ መጠበቅም አለበት።

የውጭ ገንዘብ ሥጋት ፈጠራ ነው እያልኩ አይደለም። ትልቅ ገንዘብ፣ ከውጭም ይምጣ ከውስጥ፣ ሕግ ሊገዛ እንደሚችል ኦሃዮ ምስክር ናት፤ እዚያ የተገዛው ሕግ በአገር ውስጥ ገንዘብ የተገዛ ነው። መድኃኒቱ ግን ገንዘቡንና ሹሙን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሕዝብ ማሳየት እንጂ የተደራጀውን ሰው አፍ መዝጋት አይደለም።

ደጅ የሚጠና ሁሉ ይታይ፤ የሚጠናውም ደጅ ይታይ። የቤት ሠራተኛዋና የመምህሩ ስም ግን እዚያው በማኅበራቸው መዝገብ ይቆይ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ማኅበር የምትመሩ ወይም እድር ያላችሁ፣ የአባላት ዝርዝራችሁን መንግሥት ቢጠይቃችሁ መልሳችሁ ምን ይሆናል? ሐሳባችሁን ጻፉልን።

ቸር ያሰማን።